ቡፌ ውስጥ የጾመው መፍጫ

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ፣ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር በምኖርበት ግቢ ከጎረቤቴ ኩሽና የሚቆላ ሱፍ ሸተተኝና ቁልፌን እንደያዝሁ በሬ ላይ ቆምሁ። ሰው የእናቱን ቤት ሽታ ሲያገኝ ሆዱ ይባባል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል ይባላል፤ እኔ ግን ጥርሴን ነው የነከስሁት። የሱፍ ሽታ ሲመጣብኝ ከኋላው ሁልጊዜ የሙቀጫው ድምፅ ይከተላል፣ ድው፣ ድው፣ ድው፣ ከዚያ የእማዬ ትንፋሽ፣ ከዚያ ደግሞ ከሳሎን የአባዬ የዳዊት ንባብ። ሦስቱም አንድ ላይ መጥተው ደረቴ ላይ ይቀመጣሉ፤ ይኸው ጎልማሳ ሴት ሆኜም ደሜን ያፈሉታል።

ያደግሁት እዚያው ከተማ፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። እናቴ ትርንጎ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ፈትል ክፍል ቆማ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የምትውል የፈረቃ ሠራተኛ ነበረች፤ አባቴ ደግሞ የደልጊ መሪጌታ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ቅኔውን ሳይሆን ጾሙን ብቻ የወረሰ፣ ቀን ቢሮ ውሎ ጠዋትና ማታ ዳዊት የሚደግም የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እኔ አንድ ልጃቸው ነኝ፤ ስለዚህ በዚያ ቤት የሆነውን ሁሉ ከእኔ በቀር ያየ የለም።

መፍጫው ቤታችን የገባው በክረምት ነው። ዝናቡ ከሐይቁ በኩል ነፋስ እያስቀደመ ከሰዓት ከሰዓት የሚመጣበት፣ መንገዳችን ጭቃ በጭቃ የሚሆንበት ወር ነበር፤ እማዬ ዕቁብ ወጥቶላት እጄን ይዛ ግሽ አባይ ወደሚገኝ የቤት ዕቃ ሱቅ ወሰደችኝ። ባለሱቁ ቁልፉ የበዛውን ቀይ የጁስ መፍጫ አውርዶ፣ «ይቺ የማትፈጨው የለም፣ በረዶ ሳይቀር ትፈጫለች» እያለ ሲያገላብጥላት፣ «እኔ በረዶ የምፈጭ መሰለህ? ሱፍ ነው የምፈጭ። ያንን ከባዱን አውርድልኝ» አለችውና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ መልከ ጥፉ ነጭ መፍጫ አስወረደች። ብድግ አድርጋ ክብደቱን አየች፣ ወፍራም የብርጭቆ ጆጉን በጥፍሯ መታ መታ አደረገች፣ ከዚያም ያለችውን አንዲት ማዞሪያ በሁለት ጣቷ ይዛ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች ወዲያና ወዲህ አዞረቻት። «የሚበላሽ ነገር የለውም። ይህ ለልጅ ልጄም ይደርሳል» ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። እናቴ ደስ ያላትን ዕቃ ራሷ መርጣ ስትገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መስከረም ሲጠባ ወባ ያዘኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ ባሕር ዳር ውስጥ ወባ የማያንኳኳው ቤት ጥቂት ነበር። ምግብ ሲዘጋኝ እማዬ ፓፓያ በወተት እየፈጨች በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር፣ መፍጫው በጮኸ ቁጥርም ትኩሳቱ የሚሸሽ ይመስለኝ ነበር። ከዳንሁ በኋላም ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ተልባው ሁሉ በዚያው ይፈጭ ጀመር፤ ድሮ ከሙቀጫ ጋር ታሳልፈው የነበረውን ሰዓት እማዬ አተረፈችው። ከፈረቃ ስትመለስ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ እኔ እግሯ መሀል እገባለሁ፣ ጸጉሬን እየጎነጎነች የፋብሪካውን ወሬ ታወራኛለች፤ የትኛዋ ለልጇ ሚስት እንዳጨች፣ የትኛዋ ቆማ እንዳንቀላፋች እየነገረችኝ እስክንጠግብ እንስቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ መስከረምና ጥቅምት የሚናፍቀኝ ጊዜ የለም።

ኅዳር መጣ፣ የነቢያት ጾም ገባ። እማዬ ሱፉን ቆልታ፣ አብርዳ፣ ጆጉ ውስጥ ልትጨምር ስትል፣ ማጀት ብቅ ብሎ የማያውቀው አባዬ መጋረጃውን ገልጦ ቆመ።

«ትርንጎ፣ ወተት ስትፈጪበት በከረምሽው ነው የጾም ልትፈጪበት?»

«ታጥቧል እኮ። በአመድም በሳሙናም አጥቤዋለሁ።»

«ፍስክ የነካው ዕቃ ፍስክ ነው። በአባቴ ቤት የጾም ድስቱ ለብቻው ነበር» አለና መፍጫውን በሁለት እጁ አቅፎ ወስዶ ሳሎን ቡፌ ውስጥ፣ ከብርሌዎቹ አጠገብ አስቀመጠው። እማዬ ለጠረጴዛ ብላ የሠራችው ዳንቴል ነበር፤ እሱንም ደረበለት። ዕቃው እንዲያ ሆኖ ሲታይ አምሮበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙሽራ ይመስል ነበር። እማዬ ሙቀጫውን ከጓሮ አወጣች።

እንግዲህ አስቡት፦ ነቢያት አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሱፍ የሚወቀጠው ደግሞ በጾም ነው። መፍጫው ለተገዛበት ሥራ በሚፈለግበት ጊዜ ሁሉ ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ ይጾማል ማለት ነው። በፍስኩ ወራትም ቢሆን አባዬ፣ «ሽንኩርት ከገባበት ሽታው አይለቅም፣ ለእንግዳ ጁስ ምን ልናቀርብ ነው?» ስላለ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ወደ ሙቀጫው ተመለሰ። የበረንዳው ወሬያችን በዚያው ቀረ፣ ጸጉሬንም ጎረቤት ሄጄ እሠራ ጀመር።

ሁዳዴ ሲገባ የባሕር ዳር ሙቀት ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል፣ ነፋስ እንኳ ከሐይቁ ሲመጣ ሞቆ ነው የሚመጣው። አባዬ ከቅዳሴ መልስ የሚቀምሰው የሱፍ ፍትፍት ነበር፣ ያደረ ሱፍ ደግሞ ይኮመጥጣል ስለሚል በየዕለቱ አዲስ ይወቀጥለት ነበር። እማዬ የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳት ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሙቀጫውን ጉልበቷ መሀል ታስገባና ዘነዘናውን ታነሣ ነበር፤ ስትጨርስ የተወቀጠውን በውኃ በጥብጣ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልላ፣ ከድና ወደ ፋብሪካው አውቶቡስ ትሮጣለች፣ እዚያ ደግሞ በዚያችው እጅ ክር ስትቀጥል ትውላለች። ማታ የእጇን አንጓ በጨርቅ ጠፍራ በጥርሷ ስትቋጥር አያታለሁ። «እማዬ፣ ያምሻል?» ስላት፣ «ይለቀኛል፣ ፋሲካ ይድረስ እንጂ» ትለኝ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ሌላ ጾም ከኋላው ይመጣ ነበር፣ ሕመሙም እጇን አልለቀቃትም።

የፋሲካውን ነገር ሳስታውስ ነው ይበልጥ የምበግን። እንግዳ ሲመጣ አባዬ ቡፌውን ይከፍታል፣ ዳንቴሉን ገልጦ መፍጫውን ጠረጴዛ ላይ ያወጣል፣ እማዬ ልጣ የከተፈችውን ማንጎ ጨምሮ ማዞሪያዋን ራሱ ጠቅ ያደርጋታል። ከዚያም ለእንግዶቹ፣ «የዛሬ ሴት ምን ጎደላት? ሁሉን ማሽን ይሠራላታል» ይላል። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እማዬም ብርጭቆ እያዞረች አብራ ፈገግ ትላለች፣ የጠፈረችውን እጇን በነጠላዋ ሸፍና። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እሳት ለብሼ እሳት እጎርስ ነበር፤ ግን ልጅ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል?

ከፍልሰታ በፊት፣ በቤታችን የዝክር ቀን፣ የንስሐ አባታችን ከሚያገለግሉበት የደሴት ገዳም በጀልባ መጡ። የቀሚሳቸው ጠርዝ በሐይቁ ውኃ እንደራሰ ተቀምጠው፣ ጠበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ ሰው ሲበታተን፣ እማዬ ቡፌውን ከፍታ መፍጫውን ይዛ ፊታቸው ቆመች። 

«አባቴ፣ ይህ ዕቃ አንድ ሰሞን ወተት ነክቶታል። ታጥቦ ለጾም አይሆንም ይላሉ?»

እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጆጉን ከላይም ከታችም አዩት። «ምነው ልጄ? እጥብ አድርጊና ፍጪበት እንጂ። የሚጾመው ሰው ነው፣ ብርጭቆ ምን በደለ?» አሉና ጠበል አስመጥተው ረጩት፣ በመስቀላቸውም ባረኩት።

አባዬ መስቀሉን ተሳልሞ፣ «ይሁን አባቴ፣ እርስዎ ካሉማ» አለ። እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ፤ የእማዬ የንጋት እንቅልፍ፣ በረንዳው፣ ጸጉሬ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ። አባዬ እሳቸውን እስከ መንገድ ሸኝቶ ተመለሰና ጫማውን እያወለቀ፣ ወደ እማዬ ሳያይ እንዲህ አለ፦

«ይፈቀድስ ይፈቀድ። ግን ሱፍ እኮ በእጅ የተወቀጠው ነው የሚጣፍጥ። ማሽን ያሞቀዋል፣ ጣዕሙን ይገድለዋል።»

መፍጫውን አንሥቶ ወደ ቡፌው መለሰው፣ ዳንቴሉንም አስተካከለለት።

ልጅ ብሆንም ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ እግዜር ነው የከለከላት እያልሁ እሱን ነበር ስፈራ የከረምሁ፤ ለካስ አባዬ እግዜርን ለምላሱ ጠበቃ አቁሞት ኖሯል! እማዬ አልተከራከረችም። አባዬን መከራከር ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ እንደሆነ ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር፤ በፍልሰታ መባቻ ዘነዘናውን አነሣች፣ ድው፣ ድው፣ ድው፣ እኔም ትራሴን ጆሮዬ ላይ ጫንሁ። ዓመቶቹ እንዲያ እንዲያ እያሉ ሄዱ፤ እኔ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ከቤት ወጣሁ፣ እማዬ ጡረታ ወጣች፣ ሙቀጫው ግን ጡረታ አልወጣም።

እና ሰሞኑን የጎረቤቴ ሱፍ ሲሸተኝ፣ ቤቴም ሳልገባ በባጃጅ ሹም አቦ ሄድሁ። እማዬ ኩሽና ውስጥ ሙቀጫውን ጉልበቷ መሀል አድርጋ፣ ዘነዘናውን በግራ እጇ ይዛ በቀኝ ክንዷ አቅፋው ነበር። ቀኝ እጇ አይጨብጥም፣ ጅማቱ ተጎድቷል ከተባለች ቆይታለች። ሳሎን ገብቼ ቡፌውን ከፈትሁና መፍጫውን አምጥቼ ፊቷ ሰካሁት። «አዙሪው» አልኋት። ያቺን ድሮ በሁለት ጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርጋት የነበረችውን ማዞሪያ በቀኟ ሞከረች፣ ጣቶቿ ተንሸራተቱ፤ በግራዋም ሞከረች፣ ግራዋም ደክማለች፣ አልሆነም። እኔ ሳዞረው ተነሥቶ ጮኸ፣ ድምፁ እንደ ተገዛበት ቀን ነበር፣ አንድ ነገር አልሆነም!

በማግሥቱ ግሽ አባይ ይዣት ሄድሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው፣ ስለ ዋቱ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ በረዶ ስለመፍጨቱ ሲያወራልን፣ «ወንድሜ፣ እሱን ተወው፣ በመዳፍ ሲጫኑት የሚሠራ አለህ?» አልሁት። ደርድሮ አሳየን። እማዬ ያመሏን ብርጭቆውን በጥፍሯ መታ አድርጋ፣ ቀላል ቀላሉን ወዲያ ገፍታ፣ አንድ ሰፊ ቁልፍ ያለው ከባድ መፍጫ ፊት ቆመችና የእጇን ተረከዝ ጫነችበት። ጮኸ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ሆነ፣ እኔ ግን አልቅሼ ባለሱቁን አስደነገጥሁት።

አባዬ ከቅዳሴ ሲመለስ የሱፍ ፍትፍቱ ቀርቦ ነበር። ጸሎቱን አድርሶ ጎረሰ፣ ደገመ፣ ከዚያም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ይህ ነው እንግዲህ! በእጅ የተወቀጠ ነገር ላይ መቼም ማሽን አይደርስበትም» አለ።

አፌን ልከፍት ስል እማዬ ቀደመችኝ።

«በየትኛው እጅ?» አለችው።

ድምጿ ከፍ አላለም። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው፤ ጣቶቿ ሳይዘረጉም ሳይጨበጡም ቀሩ። «በመፍጫ የተፈጨ ነው። አልለየኸውም» አለች።

አባዬ እጇን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ እንደገና እጇን አየ። «አላወቅሁም» አለ።

አላወቅሁም! ሳሎናችንንና ማጀታችንን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ነበር፤ የዘነዘናው ድምፅ የዳዊቱን ንባብ እያቋረጠበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀጥል የነበረ ሰው ነው። ሽማግሌ ሆኗል፣ አባቴ ነው፣ ያን ቀን ሳህኑን ራሱ ወደ ኩሽና ሲወስድ አይቻለሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም፣ ይበርዳል ብዬም አልዋሽም።

አሁን አዲሱ መፍጫ ኩሽና ውስጥ ነው፣ ዳንቴል የለውም፣ ሱፍ ተረጭቶበት ሽንኩርት ሸትቶ ይውላል። አሮጌው ቡፌው ውስጥ ያብረቀርቃል፣ እንዳለችውም ለልጅ ልጇ ይደርሳል። እኔም ከሥራ ስወጣ እየሄድሁ በረንዳው ላይ እግሯ ሥር እቀመጣለሁ። የድሮ የፋብሪካ ወሬዋን ታወራኛለች፣ እንስቃለን፤ ጊዜው አላት፣ ወሬውም አላት፤ ጸጉሬን ግን ልትጎነጉንልኝ አትችልም።