የጣቢያው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀድማል

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእኛ እናት ሁለት ብቻ ወልዳ ተረቱን አስመሰከረች። እኔ ተናግሬ የማልጠግብ፣ ከተቆጣሁም ቶሎ የማልበርድ ሴት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ገና በልጅነቱ፣ እናታችን ጎረቤት ልካው መጥረጊያ ተውሶ ሲመጣ፣ መጥረጊያውን ከማስረከቡ በፊት ስንት ሰዓት እንደተቀበለና ስንት ሰዓት እንደሚመልስ የሚናገር ፍጥረት ነበር። አድጎ የፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ያዥ ሆነ። ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር?

ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲገባና ሲወጣ ጻፈ። ተይዞ የመጣ ሰው በሩን እንዳለፈ መጀመሪያ የሚያየው የወንድሜን ራሰ በራ ነው። ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ ቀበቶ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ከኪስ የተገኘ ነገር፣ ፊርማ። ከጀርባው ያሉትን ክፍሎች ማረፊያ ቤት ይሏቸዋል፤ ያረፈበት ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ባልደረቦቹ «ደቂቃ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ፊቱ ቆሞ «ሦስት ሰዓት ገደማ» ማለት አይቻልም። «ገደማ ስንት ነው?» ይላል፤ እስክሪብቶውን ይዞም መልሱን ይጠብቃል።

የጣቢያው የግድግዳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀድማል። ተበላሽቶ አይደለም። አንድ የቀድሞ አዛዥ የሠራተኛው ማርፈድ ቢያንገበግበው ወንበር ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ወደፊት ገፋው። አንድ ሳምንት ሁሉም በሰዓቱ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ነቃ፤ ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሰዓቱን አይቶ፣ ሃያ ቀንሶ፣ እንደ ድሮው ያረፍዳል። አዛዡ ተዛወረ፣ ሰዓቱ ቀረ። መርማሪዎቹ ቅጻቸውን ሲሞሉ አንዳንዱ ሃያውን ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ይረሳል። ወንድሜ ግን ሁልጊዜ የሚጽፈው በየጠዋቱ በሬዲዮ ዜና ከሚያስተካክላት የእጅ ሰዓቱ አይቶ ነው። «ታዲያ የግድግዳውን ለምን አታስተካክለውም?» ብዬው ነበር። «እሱ የንብረት ክፍል ሥራ ነው» አለኝ።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል፣ ልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። የዛሬ ዓመት አንድ ሰኞ የአውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ፈንጂ ፈነዳ። ሦስት ሰው ሞተ፣ አርባ ያህል ቆሰለ፣ አንሶላው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ያደርቀዋል። ያን ቀን ስድስት ጊዜ ውሃ ለውጬ ሰባተኛውም ቀይ ነበር። ስለዚህ ስለ ሕዝብ ደህንነት ማንም እንዳያስተምረኝ። ማክሰኞ ምሳ ላይ «የተጠረጠረውን ሁሉ ይልቀሙት! ንጹሑን በኋላ ይለዩታል» ያልኩት እኔው ነኝ። አንዷ ባልደረባዬ «እስኪለዩትስ?» ብትለኝ፣ «ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዋል?» አልኳት።

ረቡዕ ልጄን ወሰዱት።

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስልክ ይጠግናል። ሱቁና ጣቢያው ፊት ለፊት ናቸው፣ መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው። ፈንጂውን አጠመደ የተባለው ሰው ተከራይቷት በነበረች ክፍል ውስጥ የልጄ የሱቅ ካርድ ተገኘ። ሰውየው ራሱ አልተያዘም፤ የተገኘው ካርዱ ነው። «ይህን ካርድ ለማን ነው የሰጠኸው?» ቢሉት «ለሁሉም» አለ። እውነቱን ነው፤ የጣቢያው አዛዥም ኪስ ውስጥ አለ።

መንገዱን አሻግረው አመጡትና ወንድሜ ፊት አቆሙት። በጣቢያው ደንብ ተጠርጣሪን አንቱ ማለት ግዴታ ነው። ደንቡን ከሚከተሉት ሠራተኞች መካከል አንዱ ወንድሜ ነው፤ ሌላው ማን እንደሆነ አላውቅም። እናም በጀርባው አዝሎ ያሳደገውን ልጅ ቀና ብሎ አየውና «ስምዎ ማን ይባላል?» አለው።

«አጎቴ…» አለ ልጄ።

«ሙሉ ስም።»

አራት ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ ብሎ ጻፈ። ቀበቶ አንድ፣ የጫማ ማሰሪያ ሁለት፣ ስልክ አንድ፣ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ። «ይፈርሙ» አለው። ልጄ ፈረመ። ይህን ስሰማ ጮህኩ። እንደ ሰው ትከሻውን እንኳ ነካ አላደረገውም!

ሐሙስ ጠበቃ ያዝን። ጠበቃው ሕጉን አስረዳኝ፤ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፣ ካለፈ ይለቀቃል። ለዓርብ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ቀጥረውታል። አርባ ስምንቱ ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መሆኑ ነው። እኔ ሒሳብ አልወድም፣ ይቺ ግን ቶሎ ገባችኝ። ከሥራ መልስ በቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ገባ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

«አራት ሰዓት ነው የገባው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ! ባላውቅ ምን አስመጣኝ? ግማሽ ሰዓት ቀለም ናት። ማን ያይሃል?»

«ተጽፏል። ደርቋል።»

«የእህትህ ልጅ ነው እኮ!»

«እሱንም ጽፌዋለሁ» አለኝ።

አልገባኝም። እስኪገባኝም አልቆየሁም። በሩን የዘጋሁበትን ድምፅ ጎረቤቶቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ዓርብ ፍርድ ቤት ሞላ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል፤ ከሰኞ ጀምሮ ቤቱ አልገባም ይላሉ። ለምርመራ አሥራ አራት ቀን ጠየቀ። ጠበቃችን ተነሥቶ አርባ ስምንት ሰዓቱ አልፏል አለ፤ ምስክርም አቀረበ። ምስክሩ የልጄ ሱቅ ጎረቤት የሆነ ልብስ ሰፊ ነው፣ ደግ ሰው። «ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የወሰዱት» አለ። ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ «ገደማ» ስትባል ሲያዝን አየሁት።

ዳኛዋ መዝገብ ያዡን አስጠሩ። መዝገቡን ታቅፎ ቀረበ።

«ተጠርጣሪው ስንት ሰዓት ገባ?»

«አራት ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ፣ ክብርት ዳኛ።»

ዳኛዋ መዝገቡን ተቀብለው አዩና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ማስታወሻ የሚለው ዓምድ ላይ፣ ተጠርጣሪው የመዝገብ ያዡ የእህት ልጅ ነው ይላል። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም፤ ሰዓቱ በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንዲሰፍር አዘዙ። «ሦስት ሰው ሞቷል» አሉ። «መርማሪው ጊዜ ያስፈልገዋል። የዚህ ልጅ ጊዜም ግን የራሱ ነው፤ እየቆጠርኩ ነው የምሰጠው።» አሥራ አራቱን ቀን ፈቀዱ።

ወንድሜን በሩ ላይ ጠበቅኩት። «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለህም፤ እሱንም ጻፈው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ቀን በየጠዋቱ ምግብ ይዤ ጣቢያው እሄዳለሁ፤ ሩዝ፣ ድንች፣ አንዳንዴ ሾርባ። ዕቃውን የሚቀበለው ወንድሜ ነው። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ክዳኑን ከፍቶ ያያል፣ ይከድናል፣ «ይፈርሙ» ይለኛል። እኔንም አንቱ አለኝ! ፊርማዬን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ እጫነው ነበር። ሥራ ቦታ ደግሞ «ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዋል» ያልኳት ሴት አጠገቤ ቆማ አንሶላ ታጥፋለች። አንድ ቀን እንኳ አላስታወሰችኝም። ብታስታውሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን መርማሪው ፊቱ በርቶ መጣ። የስልክ ድርጅቱ ዝርዝር ደርሶታል። ረቡዕ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ከልጄ ስልክ ወደ ተፈላጊው ሰውዬ ስልክ ተደውሏል፤ ሁለት ደቂቃ ተነጋግረዋል። መርማሪው በሞላው ቅጽ ላይ ደግሞ ልጄ የተያዘው አራት ሰዓት ከሃያ ነው። «ልንይዘው ስምንት ደቂቃ ሲቀረን ለሰውየው ነግሮታል ማለት ነው» አለ። ተጨማሪ ሃያ ስምንት ቀን ጠየቀ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ራሴ ለአንዲት ቅጽበት ልጄን ጠረጠርኩት። የመናኸሪያው አንሶላ ዓይኔ ላይ መጣ።

ዳኛዋ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ወደ ኋላ ገለጡ። «እዚህ አራት ሰዓት ከዜሮ ነው የሚለው። ቅጹ ላይ ሃያ ደቂቃው ከየት መጣ?»

ወንድሜ እንደገና ተጠራ። የግድግዳውን ሰዓት ነገር፣ አዛዡ ወንበር ላይ ከመውጣቱ ጀምሮ፣ ቀኑን ጠቅሶ አስረዳ። አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋ አሁንም አልሳቁም።

«አራት ከአሥራ ሁለት ላይ ስልኩ የት ነበር?»

ወንድሜ ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረ። «በአራት ከአራት በፖስታ ታሸገ። በአራት ከዘጠኝ ለምርመራ ወጣ። በአራት ከሠላሳ አምስት ተመለሰ። ወስዶ የመለሰው መርማሪው ናቸው፤ ሁለቱም ቦታ ፈርመዋል።»

መርማሪው ብድግ አለ። «አጎቱ ነው እኮ!»

«ነው» አሉ ዳኛዋ። «ጽፎታል። ባለፈው ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢል ልጁን ይዞት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አራት ሰዓት ብሎ አሳሰረው። ያኔ ይህ የስልክ ዝርዝር አልነበረም። ዛሬ ምን ብዬ አላምነውም?»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ፊርማውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «የደወልኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ረቡዕ መርማሪው በልጄ ስልክ ውስጥ ያገኘውን ቁጥር በየተራ ሲሞክር፣ የሱቁን ሠራተኛ መስሎ «ስልክዎ ተጠግኗል፣ መጥተው ይውሰዱ» ይል ነበር። ለአሥራ አንድ ሰው ደውሎ፣ የተፈላጊው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ያኔ ስላልታወቀ፣ የአንዱንም ቁጥር አላስታወሰም። ተፈላጊው ሰውዬ ዕቃውን ሊወስድ እንደሚመጣ በትሕትና ቃል ገብቶለት፣ መስተዋቱ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቆ፣ በዚያው ጠፋ። ሰውየውን ያስደነገጠው ፖሊስ፣ የታሰረው ልጄ። ለነገሩ መርማሪው ቢክድ ማን ይፈርድበት ነበር? አልካደም። «ክብርት ዳኛ፣ ጥያቄዬን አንሥቻለሁ» አለ። ይህን ለእሱ እመሰክርለታለሁ። በሦስት ቀኑ ተፈላጊውን ሰው ሌላ ከተማ ያዙት፤ ልጄን የሚያውቀው ስልኩን እንዳሠራ ደንበኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ራሴን ማታለል አልችልም። ወንድሜ የለመንኩትን ቢያደርግልኝ፣ ልጄ ያን ዓርብ ቤቱ ያድር ነበር። በአሥራ አራተኛው ቀን ግን በዚያ ዝርዝር እንደገና ይወስዱታል፤ የዚያን ጊዜ የውሸታም አጎት መዝገብ ማንም አይከፍተውም።

ልጄን የሚያስወጣውም ወንድሜ ነው። ቀበቶ አንድ፣ የጫማ ማሰሪያ ሁለት፣ ስልክ አንድ። «ቆጥረው ይረከቡ። ይፈርሙ።» ልጄ ፈረመና ወጣ። ከስቷል፤ የጫማ ማሰሪያውን እኔ አሰርኩለት።

በማግስቱ አዛዡ የግድግዳውን ሰዓት አስተካከለ። ሃያ መቀነስ የለመደ ሠራተኛ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ገባ፤ ደመወዙ ሳይቆረጥ የቀረው «ደቂቃ» ብቻ ነው አሉ።

እሑድ ልጄ ሾርባውን እየበላ «አጎቴን መቼ ነው የምትጠሪው?» አለኝ።

«ምን አድርጎልህ?»

«በየቀኑ ይመጣ ነበር እኮ። ሥራውን ጨርሶ መዝገቡን ለተረኛው ካስረከበ በኋላ በጠያቂ በር ዞሮ ይሰለፋል። እንደ ማንም ይፈተሻል። ይፈርማል። ከሽቦው ወዲያ ቆሞ ማሙሽ ይለኛል። ምን እንደሠራሽልኝ፣ ጨው እንደበዛበት፣ እሱን እንዳኮረፍሽው ይነግረኛል። ለእናትህ እንዳትነግራት አለኝ፤ ካወቀች ትመጣና መልእክት አድርስልኝ ትላለች፣ መልእክት ማድረስ ክልክል ነው አለኝ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላደርግ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ለጠያቂ የሚፈቀደው ስንት ደቂቃ ነው?» አልኩት።

«አምስት።»

«አሥራ አራት ቀን ሙሉ አምስት ብቻ? ደረቅ! አንድ ቀን እንኳ ስድስት አላደረግከውም?»

መሬት መሬት አየ።

«አንድ ቀን» አለ። «ፍርድ ቤት የዋልን ዓርብ። ስድስት ብዬ ጽፌዋለሁ።»

አንገቱን አቅፌ እዚያው በሩ ላይ አለቀስኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እሱ ሳያውቅ አይቀርም።