በኳስ የመጣው በሬ

ነሐሴ ወልድያ ላይ ከባድ ወር ነው። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና መንገዱን ጭቃ፣ ቤቱን ጨለማ አድርጎት ያመሻል። አስተማሪ ስለሆንኩ ክረምቱን ቤት ነኝ። ሰው እረፍት ይለዋል፤ እኔን ግን ዓመቱን ሙሉ ከማስተምርበት ይልቅ ይሄ ወር ያደክመኛል። ትናንት የወንድሜ የሰይድ ልጅ ነስሩ ከመርሳ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ያቀረብኩለትን የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየፈለፈለ ስልኩን ከፈተና ያነብልኝ ጀመር። የሚመጣው የእንግሊዝ ሊግ ግምት ነው። ማን ዋንጫ እንደሚወስድ፣ ማን እንደሚወርድ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ማንን ከማን ጋር አጣምሮ የውርርድ ትኬት መቁረጥ እንደሚያዋጣ፣ ገና ኳሱ ሳይነካ ሁሉም ነገር አልቆ ተጽፏል።

«አክስቴ፣ አንቺስ ማን ይበላል ትያለሽ?» አለኝ። «አባቴ እኮ ድሮ ዘሃራን የሚያህል ገማች አልነበረም ይላል።»

ሰይድ ይህን ለልጁ መንገሩን አላውቅም ነበር። እኔም አንዱን እሸት አንስቼ መፈልፈል ያዝኩ።

ያኔ ሁላችንም መርሳ ነበርን። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ አባታችን፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድና እኔ ብቻ ቀርተናል። አባቴ እህል ነጋዴ ነበሩ። ለዜና ብቻ የሚከፍቷት አንዲት ሬዲዮ ነበረቻቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ሲወጡ እኔ በሰፌድ ማሽላ እየለቀምኩ የስፖርቱን ፕሮግራም እከፍታለሁ። በዚያ ሰሞን መርሳ ላይ በዲሽ ኳስ የሚያሳይ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ሴት ልጅ ገብታ ከጎረምሳ መሃል አግዳሚ ላይ መቀመጧ ግን ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ኳስን የማውቃት በጆሮዬ ብቻ ነው። የትኛው ቡድን ከሜዳው ሲወጣ እንደሚፈራ፣ የትኛው በረኛ እንዳረጀ፣ የትኛው አሰልጣኝ ከተጫዋቹ ጋር እንደተኳረፈ፣ ሌላው ሰው የጎረቤት ነገር እንደሚይዘው እኔ እይዘዋለሁ። የወደድኩት ምናልባት በዚያ ቤት ውስጥ የራሴ የምለው እሱ ብቻ ስለነበር ይሆናል።

ሰይድ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር የሚጠይቀኝ። «እስቲ ዛሬ ማን ያሸንፋል?» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ። ዲሽ ቤት ሄዶ የነገርኩትን የራሱ አድርጎ ይናገራል። ልጆቹ የሚወራረዱት በለስላሳ፣ ከበዛም በአንድ ማዳበሪያ ማንጎ ነበር። ሰይድ ማንጎውን ተሸክሞ ሲመጣ በር ላይ ሆኖ ይስቅና «ነይ ድርሻሽን ውሰጂ» ይለኛል። እናታችን ከሞተች በኋላ እንዲያ ሲስቅ ያየሁት በዚያ ምክንያት ነው። ማንጎውን ግቢ ውስጥ ከዛፉ ሥር ተቀምጠን፣ ጭማቂው እስከ ክርናችን እየወረደ እንበላው ነበር።

በነሐሴ፣ ልክ እንደ አሁኑ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«የሚመጣውን ዓመት ንገሪኝ። ያ ሙሄ የሚደግፈው ቡድን ዋንጫ ይወስዳል?»

ሙሄ የሰይድ የልብ ጓደኛ ነው። ቤቱ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ግራና ወደምትባለው መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። አባቱ ስለሞቱበት ከእናቱ ጋር በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርስ፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ለዚያ ቡድን ያለው ፍቅር ግን ሌላ ነበር። ቡድኑ ከተሸነፈ እህል አይቀምስም ይሉታል።

«አይወስድም» አልኩት። «አጀማመራቸው ያምራል። ፋሲካ አካባቢ ሁሉም ሰው ወስደዋል ይላል። ከዚያ ይደክማቸዋል። የሚቀይሩት ሰው የላቸውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆይና ታያለህ።»

ይህን ስል የምናገረው ስለ ኳስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሰይድ ግን በዚያኑ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ከሙሄ ጋር ተወራርዶ ኖሯል። ሰይድ፣ አባቴ ለትዳሩ የሰጡትን ጊደር፣ ሙሄ ደግሞ ከሁለቱ በሬዎቹ ዳልቻ የሚባለውን አስያዙ። እኔ የሰማሁት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ውሃ ልቀዳ ቦኖው ላይ ተሰልፌ ከፊቴ የቆሙት ሴቶች እየተሳሳቁ ሲያወሩት ሰማሁ።

ቤት ገብቼ «እውነት ነው?» አልኩት።

«ምን ያስፈራሻል? አንቺ እኮ ነሽ ያልሽኝ» ብሎ ጉንጬን ነካ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓመቱ ክፍል ለእኔ ረጅም ነበር። የሙሄ ቡድን እየመራ ነው። ሲያሸንፍ ሰይድ ያኮርፋል፤ እኔም የምትወሰድብን እየመሰለኝ ጊደሯን ወጥቼ አያለሁ። ነጥብ ሲጥል ደግሞ፣ ያንን የተቀደደ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ ከበሬዎቹ ኋላ የሚሄደው ሙሄ ይታየኛል። ከሁሉም የባሰው ግን ሌላ ነበር። ሬዲዮኑን ስከፍት፣ ውስጤ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ግምቷ እንዲሰምርላት ትፈልጋለች። ልክ መሆን ይጣፍጣል፤ ደግሞም እውቀት የሚባል ነገር አለሽ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዳንድ ቅዳሜ ሬዲዮኑን ጭራሽ ሳልከፍት እውላለሁ። ውጤቱ ግን በዲሽ ቤቱ ጩኸት በኩል ግቢያችን ድረስ ይመጣል።

እንዳልኩት ሆነ። ፋሲካ አለፈና ቡድኑ መንሸራተት ጀመረ። በግንቦት፣ መርሳ በሙቀት እንደ እቶን ስትግል፣ በመጨረሻው ጨዋታ ዋንጫው ከእጃቸው ወጣ። ሰይድ የዚያን ቀን ሲገባ አልጨፈረም። ውሃ ጠጣና «ልክ ነበርሽ» ብቻ ብሎኝ ተኛ።

በማግስቱ ጧት ሙሄ ዳልቻን በገመድ እየጎተተ መጣ። ሰይድ ወጥቶ ነበር፤ አባቴም እህል ሊገዙ ሐራ ገበያ ሄደዋል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

«ተቀበይኝ ዘሃራ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«የማሽላው መዝሪያ ደርሶ የለም እንዴ? በምን ልታርስ ነው?»

«መቀናጆ እፈልጋለሁ። እንደኔ አንድ በሬ ያለው ሰው አይጠፋም፤ እናቀናጅና ተራ በተራ እናርሳለን።»

«ሰይድን አነጋግሬው...»

«ተይ፣ ወላሂ ተይ። ሰው ሁሉ ፊት የተባለ ነገር ነው። አልከፈለም ተብዬ ከማድር በእጄ ብቆፍር ይሻለኛል።» ገመዱን በእጄ አስያዘኝና ዞር ብሎ በሬውን ሳያይ ሄደ። ዳልቻ ግን አንገቱን ዘርግቶ እስኪርቅ ድረስ አየው።

አባቴ ማታ ላይ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት በሬውን ነው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ሰይድ።

«በምን ገዛኸው?»

«በኳስ» አላቸው።

አባቴ በሬውንም እሱንም በየተራ አዩ። «እኛ ቤት ማን ኳስ ይጫወታል?» ሲሉ የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለዱም፤ በእርግጥ አልገባቸውም። ሰይድ ሲያስረዳቸው እዚያው ደፍ ላይ ተቀመጡ። «ቁማር ነዋ» አሉ። «ሐራም በበራፌ ገብቶ አደረ በለኛ። ነገ ጧት ትመልሳለህ።»

«አልመልስም አባ። አንቱ አይገባዎትም። ብመልስለት እሱን ነው የማዋርደው፤ ለምኖ አስመለሰ ይሉታል። እኔም መሳቂያ ነኝ።»

ሰይድ ተሳስቷል ማለት አልችልም። እሱም የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ጧት ስንነሳ ግን ሰይድ የለም፤ በመጀመሪያው መኪና ወልድያ ሄዷል። አባቴ ከዘራቸውን አነሱ። ጉልበታቸው ያማቸው ስለነበር «ብቻዎን አይሄዱም» ብዬ ገመዱን ያዝኩ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ግራና የሚወስደውን ጥርጊያ መንገድ ተያያዝነው። ፀሐይዋ ገና ሳትወጣ ነበር የሚሞቀው። በግራና በቀኝ የብርቱካንና የማንጎ አትክልት፣ የመስኖ ቦይ ድምፅ፣ ከበሬው ሰኮና የሚነሳ አቧራ። አባቴ በየጥላው ያርፋሉ። አንዱ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ በአገልግል የያዝኩትን የማሽላ እንጀራ በሽሮ እየበላን ሳለ፣ በድንገት «ሬዲዮኗ ባትሪ ቶሎ የምትጨርሰው ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

«ጥሩ ጆሮ አለሽ» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «እኔ እህል ስገዛ ዋጋው ነገ የት እንደሚደርስ እንዳንቺ ባውቅ ኖሮ ሀብታም ነበርኩ።» ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው እየተነሱ፣ «ሀብታም ሆኜም ጎረቤት ላይኖረኝ ይችል ነበር» አሉ። ይህን ነገር ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ አላነሱብኝም።

የሙሄ እናት ዘይነብ በሬውን ስታይ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

«አያ አህመድ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ አንቱን አከብራለሁ» አለቻቸው አባቴን። «ግን ልጄ በሰው ፊት የገባውን ቃል ሊያፈርሱበት ነው? ደሃ ነን፣ ቃላችን ግን አለ።» ሙሄም ከጓሮ መጥቶ ከእናቱ ኋላ ቆመ። ገመዱን ዘረጋሁለት፤ እጁን አልሰጠኝም።

አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው በሬውን ያያሉ። ዳልቻ የለመደውን ግቢ እያሸተተ ወደ በረቱ ሊገባ ሲጎትተኝ፣ እኔ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

«ልክ ነሽ ዘይነብ» አሉ በመጨረሻ። «በሬው የሰይድ ነው። እኔም እሱን አልካድኩም። ግን እኛ ከተማ ነን፤ ያለን ገለባ ለአንዲት ጊደር ነው፣ ሜዳ የለን። ይሄ ፍጡር እዚያ ቆሞ ሊከሳ ነው። አደራ ልሰጥሽ ነው የመጣሁት። እናንተ ዘንድ ይዋል፣ ይረስበት፣ ይብላ። ባለቤቱ ሲፈልገው መጥቶ ይጠይቅ።»

ዘይነብ አየቻቸው። ሽማግሌው ምን እንዳደረጉ ገብቷታል። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «አደራማ እንቢ አይባልም» አለች። ሙሄ ገመዱን ከእጄ ወሰደ። የዚያን ቀን እርጎ አጠጥተውን ተመለስን። ዳልቻ አርጅቶ እስኪሞት እዚያው አረሰ፤ ማንም ሄዶ አልጠየቀውም።

ሰይድ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ከአባቴ ጋር ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበራቸውም። ዘንግቶታል ስል፣ ነሐሴ ሲደርስ እንደገና አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «የዘንድሮውስ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ደጋግሞ ለመነኝ፤ ተቆጣ፤ ደጋግሜ አላውቅም አልኩ። ሌላ የሚጠይቀው ሰው አላጣም። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ከዲሽ ቤት ገንዘብ ወደሚያስይዙበት ቤቲንግ ቤት፣ ከቤቲንግ ቤት ወደ ስልክ ተሸጋገረ። ጊደሯ ሄደች፤ የአባቴ የእህል ንግድም እሳቸው ካረፉ በኋላ በዚያው መንገድ ሄደ። ከሙሄ ጋር ዛሬም ይጠያየቃሉ፤ ሙሄ ግን ከዚያ ዓመት በኋላ ኳስ አይቶ አያውቅም።

ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። ያን ዓመት ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ሰይድ አንዲት ጊደር ያጣ ነበር። ያዝናል፣ አባቴ ይቆጡታል፣ ይበቃዋል። ግን ልክ ነበርኩ። ሰይድ ያችን ያሸነፈባትን አንዲት ቀን ፍለጋ ነው እስከ ዛሬ የሚደክመው፤ እኔም እሱን ሳይ ይደክመኛል።

«አክስቴ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለ ነስሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«የለም። ይሄ ግምት የሚሰጥህ ሰውዬ ብዙ ይሳሳታል?»

«ኧረ ይመታል! ባለፈው ዓመት ሁሉንም ማለት ይቻላል መታ።»

«እኔም የምፈራው ሲመታ ነው» አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው። ተጨማሪ እሸት ላመጣለት ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።