የቅበላ አጥንት

መርዶውን የሰማሁት ምስር ስለቅም ነው። ጎረቤቴ ንጉሴ ወንድሜን ሊያስታምም ከሄደበት ከንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት ተመልሶ ደጄ ቆመ። ውሻዬ መከታ ሲጮህበት «ሂድ ወዲያ!» እንኳ አላለውም። ወንድሜ አለበል እንደሌለ ያኔ ገባኝ።

አለበልን የሚያውቅ ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያነሣው። እኔም በለቅሶ ብቻ ብጽፍለት ይታዘበኛል።

በልጅነቱ የአብነት ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከስማዳ እስቴ፣ ከእስቴ ጋይንት ትምህርት ፍለጋ ሲዞር አደገ። ዜማው ግን አልሆነለትም። «የኔታ ድምፄን ሲሰሙ ቁራ ገባ ይላሉ» ይለን ነበር። የሆነለት ወፍ ማየት ነው። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን በእግር እየመራ ከጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም በላይ ወዳለው ገደል መውሰድ ጀመረ። እዚያ ጢማም አሞራ አለ። አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣና ቋጥኝ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው ይላሉ።

እንግዶቹ ከሚከፍሉት ላይ አለበል የድካሙን ይወስዳል፤ የቀረው እንደ እሱ አገር ላገር ለሚዞሩት ተማሪዎች ጎጆ ክዳን ይውላል። አሞራው ከታየ ጎጆው ይከደናል፤ ካልታየ ልጆቹ ክረምቱን ዝናብ ሲወርድባቸው ያድራሉ።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ቀጠራቸው። ሰማዩ ጥሩ ነው ብሎ ጾሙን ረሳው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ! አገሩ ሁሉ ሽሮ በልቶ በሚያድርበት ወቅት አሞራውን የሚጠራ አጥንት ከየት ይምጣ? ልኳንዳው ተዘግቷል። እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ጌታነህ ሮጠ።

«አባ፣ አጥንት የሚገኝበት ቤት ያውቁ ይሆን?»

«በሁዳዴ? አለበል፣ ምን ነካህ?»

«ኧረ ለእኔ አይደለም፤ ለአሞራው ነው።»

«ይጹማ! ጢሙን አስረዝሞ መነኩሴ መስሎ የለም እንዴ?»

ከዚያ ዶማ ይዞ እኔ ቤት መጣ።

«እታለም፣ መከታ የቅበላውን አጥንት የት ነው የሚቀብረው?»

«ከጓሮ፣ ጌሾው ሥር። ምነው?»

«ያዥልኝ እንግዲህ!»

ውሻውን አንገቱን አቅፌ ያዝኩ። እስከ ጾሙ ዋዜማ ያጠራቀመውን ሁሉ ዓይኑ እያየ አለበል ቆፍሮ አወጣበት። መከታ ያላዝናል፣ አለበል ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ እኔ ሳቄ አቅም አሳጥቶኛል። በማግስቱ አጥንቱ ቋጥኙ ላይ ተቀመጠ፤ አሞራውም መጣ። በዚያ ዓመት ሁለት ጎጆ ተከደነ።

ከዚያ ወዲህ ቅበላ በመጣ ቁጥር የድሮ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል በቁራ ድምፁ። «ዛሬም ለመነኩሴው ነው?» ይሉትና የበሉበትን አጥንት ያመጡለታል። ከኋላው የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይከተለዋል። በልጅነቱ ያባረሩት ውሾች ልጆች ናቸው ይላል፤ ቂሙ የዘር ነው።

መከታ ግን አልተከተለውም፤ ይቅርም አላለውም። አለበል ብቅ ባለ ቁጥር ሮጦ ጌሾው ሥር ይተኛ ነበር።

ዘንድሮም እንግዶቹ በሁዳዴ ይመጣሉ። ክዳን ያላገኘ አንድ ጎጆ ቀርቷል። ቅበላ የፊታችን እሑድ ነው። አኮፋዳውን አራግፌ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እሱን ተክቼ በሰው ደጃፍ አጥንት ለመለመን ግን እስካሁን አልደፈርኩም።