የታንከሩ ሳሙና

ቢቸና ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የልብስ ሳሙና የምናመርትበት አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት አለን። እኔ ቀድሞ የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለነበርኩ ሳሙናውን የማበስለው እኔ ነኝ። እሱ አዲስ አበባ ገበያ ጥናት ተምሮ የመጣ ነውና መሸጡ የእሱ ድርሻ ነው። የምንጣላውም የምንታረቀውም በዚሁ ክፍፍል ነው። እሱ "ያንቺ ሳሙና አልረጋም" ይለኛል፤ እኔ "ያንተ ገበያ አልነሣም" እለዋለሁ።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል ከሥልጠና ተመለሰና፣ ገና ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ "እንግዲህ ሳሙና ብቻ መሸጥ ቀርቷል" አለኝ።

"ታዲያ ምን ልንሸጥ ነው?"

"ሳሙናም በጎ ሥራም። ሰው ከእኛ ሲገዛ ከገቢያችን ለእናቶች እንሰጣለን። ደንበኛው ልብሱንም ያጥባል፣ ምርቃትም ያገኛል። እኛም ስማችን ይጠራል።"

ሐሳቡን አልጠላሁትም። አዲስ መጠቅለያ አሳተምን። መጠቅለያው ላይ ከኢንተርኔት የወረደች፣ የማናውቃት ሴት ሕፃን አቅፋ ትስቃለች። ከሥሯ "ይህን ሳሙና ሲገዙ እናቶችን ይደግፋሉ" ይላል። ዋናው መንገድ ላይም ባነር ሰቀልን። የቢቸና ገበያተኛ ግን ሳሙናውን አገላብጦ፣ አሽትቶ፣ በጥፍሩ ፈቅፈቅ አድርጎ፣ ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል። ሴትዮዋን ልብ ያላት አልነበረም። ክረምቱ ሲያልቅ ሽያጫችን እዚያው በነበረበት ቆሞ ነበር።

መስከረም ጠባ፤ መንገዱም ደረቀ። የጫንነውን ሳሙና ተከትዬ፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጌ ሞጣ ገባሁ። ሞጣ ገበያው ዳር ትልቅ ሱቅ ያላቸው አንዲት ሴት አሉ። ትልቁም ትንሹም "እትዬ" ነው የሚላቸው። ከእኛ በካርቶን ወስደው ለየገጠሩ ነጋዴ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ስገባ ሳሙናዎቻችን በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል። የምትስቀዋ ሴት አንዲትም ቦታ አትታይም።

"እትዬ፣ ምነው ገለበጧቸው?" አልኳቸው።

"ሳሙናሽ መልካም ነው ልጄ፤ እኔም ቤት እሱኑ ነው የማጥብበት። ይቺ ሴት ግን ማን ናት?"

"ሥዕል ናት። ለእናቶች እንደምንሰጥ ለማሳየት ነው።"

"ለየትኛዋ እናት?"

"ለተቸገሩት።"

"የት ላሉት?"

ወንድሜ ለአንድ የረድኤት ማኅበር ልንሰጥ እንችላለን ብሎ ነበር፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን ገና አልወሰንንም። ይሄንኑ ስነግራቸው ሳቅ አሉ፤ ግን የማሾፍ ሳቅ አልነበረም።

"አየሽ፣ ደንበኛዬ ይሄንኑ ይጠይቀኛል። አላውቅም ብል ምኑን ነጋዴ ሆንኩ። አውቃለሁ ብል ደግሞ መዋሸቴ ነው። እና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኩታ።"

ፊቴ ጋለ። ሰበብ ለመደርደር አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝና፣ "ነገ እሑድ ነው፤ አትሂጂ። እናት ከፈለግሽ እኔ አሳይሻለሁ" አሉኝ።

በማግሥቱ እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያ የእናቶች ማቆያ የሚሉት ክፍል አለ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍና ከቆላው የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ነው። ከጅማ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ በር ላይ ተቀበለችን። እትዬ ስለ እኔ ሲነግሯት ቀልጠፍ ብላ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደችኝና ቁልቁል አሳየችኝ። ከገደሉ ሥር ትንሽ ወንዝ ይታያል። አንዲት ሴት እርጥብ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው ቁጥቋጦ እየጨበጠች ዳገቱን ትወጣለች።

"አልጋ አለን" አለችኝ ነርሷ። "ምግቡንም እንደ እትዬ ያሉ ሰዎች ያግዙናል። ልብስ ማጠቢያ ግን የለንም። ያደፈ ለብሰው ከሰው መሐል መቀመጥ ያፍራሉ። ወይ ይሄን ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ወይ ደግሞ 'አጥቤ ልመለስ' ብለው አገራቸው ይገባሉ። ከገቡት ውስጥ ምጥ መንገድ ላይ የያዛት አለች።"

ሴትዮዋ ወጥታ እስክትጨርስ ቆሜ አየኋት። አጠገባችን ደርሳ "እንደምን ዋላችሁ" ስትል እንኳ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። እኔ ሳሙና ሠሪ ነኝ። የምንረዳው ነገር ምን መሆን እንዳለበት ከዚያች ሰዓት ወዲያ ከማንም ጋር መመካከር አላስፈለገኝም።

ከወንድሜ ጋር ግን መከራከር ነበረብኝ።

"ማጠቢያ ገንዳ?" አለ። "ሰው በገንዳ ልቡ ይነካል ብለሽ ነው?"

"ሳሙና ሻጭ ስለ እጥበት ቢናገር ያምኑታል። ስለ አገር እናት ሁሉ ቢናገር ማን ይሰማዋል? እኛንም አልሰሙንም።"

ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣና አብረን ተቀመጥን። ከአዲሱ መጠቅለያ ላይ ሥዕሏ ወጣች። በእሷ ፋንታ በደማቁ እንዲህ አልን፦ "የዚህን ሳሙና መጠቅለያ ለሱቁ ይመልሱ። በተመለሰው መጠን፣ ሞጣ አጠገብ መውለጃቸውን ለሚጠብቁ እናቶች የልብስ ማጠቢያ እንሠራለን። ማጠቢያው ሲያልቅ ዘመቻውም ያልቃል።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አልወደዳትም፤ ሽያጩንም አብራ ትጨርሰዋለች አለ። እኔ "መቋጫ የሌለው ነገር ልመና ይሆናል" ብዬ አልበገር አልኩ። ታተመች።

እትዬ ሱቃቸው በር ላይ ግልጽ የፕላስቲክ በርሜል አስቀመጡ። ገበያተኛው የመለሰው መጠቅለያ ከውጭ ይታያል። በርሜሉ በሞላ ቁጥር እኛ ለሥራው አንድ ነገር እንገዛለን። በመጀመሪያ ሲሚንቶ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ቧንቧ። ዕቃው በደረሰ ቀን እትዬ በሱቃቸው የብረት በር ላይ በጠመኔ በትልቁ "ሲሚንቶው ገብቷል" ብለው ይጽፋሉ። ይሄን እኛ አላሰብነውም፤ የራሳቸው ብልሃት ነው። ሰው ሳሙና ባይገዛ እንኳ ቆም ብሎ በሩን ማንበብ ለመደ። አንዱ ግንበኛ የጠመኔውን ጽሑፍ አንብቦ መሠረቱን በነፃ አወጣልን። የገጠር ሴቶች መጠቅለያውን አጣጥፈው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ራሳቸው በዚያ ማቆያ ያለፉ ነበሩ፤ ሳይጠየቁ ለሌላው ይመሰክራሉ።

ወንድሜ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ የሚሆን ቪዲዮ ሊቀርጽ ሞጣ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ማቆያው ደጃፍ ላይ ከጉንደ ወይን ማዶ የመጣች ወጣት ነፍሰ ጡር ፀሐይ ትሞቃለች። ስልኩን ሲያዞርባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"እህቴ፣ ለበጎ ነው" አላት።

"ልወልድ እንጂ ልታይ አልመጣሁም" አለችው፤ ረጋ ብላ።

ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ይቅርታ ጠየቃትና ግድግዳው ወደሚገነባበት ሄዶ ግንበኛውን፣ ጡቡን፣ የእትዬን የጠመኔ ጽሑፍ ቀረጸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም እናት በቪዲዮም በፎቶም አላሳየንም። ሰው ግን ግድግዳው ከፍ ከፍ ሲል እያየ፣ "ዛሬስ የት ደረሰ?" እያለ ይጠይቀን ነበር። ወንድሜ በዚያ ጊዜ የገባውን ለሠራተኞቻችን ሲነግር ሰምቼዋለሁ፤ "ደንበኛ የሚያሳዝነው ፊት አይፈልግም፤ የሠራውን ሥራ ማየት ነው የሚፈልገው" አላቸው።

ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ለበሰ፣ የገንዳዎቹ ሲሚንቶ ደረቀ። የቀረው የውኃ ታንከሩ ብቻ ነበር፤ የጤና ጣቢያው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያለ ታንከር ገንዳው ዋጋ የለውም። በዚያው ሰሞን ጸጥታው ደፈረሰና መንገድ ተዘጋ። ያዘዝነው ታንከር ባሕር ዳር ቀረ። የሳሙናው ዘይትም ኮስቲክ ሶዳውም አልገባ አለ፤ ማምረቻችን በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ መሥራት ጀመረ። ተቋርጦ የነበረው ስልክ ሲመለስ በመጀመሪያ የደወሉት እትዬ ነበሩ።

"ልጄ፣ ደህና ናችሁ? እኛ ደህና ነን። በርሜሉ ሞልቷል፤ ሰዉ ታንከሩስ ይላል።"

ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ስልኩን ስዘጋ፣ "ለጊዜው ይቁም እንበላቸው" አለኝ። "መንገድ መዘጋቱን ሁሉም ያውቃል። ይረዱናል።"

"ይረዱናል፤ አያምኑንም ግን።"

"ታዲያ ታንከር ከየት ትወልጂያለሽ?"

መልሱ ከፊቱ ነበር። በግቢያችን፣ በብረት ቋሚ ላይ የተቀመጠ፣ ለሳሙናው ውኃ የምናጠራቅምበት የራሳችን ጥቁር ታንከር። ዓይኔን ወደዚያ ሳነሣ ገባውና ጮኸ። "እብድ ነሽ እንዴ! እኛስ በምን ልንሠራ ነው?"

"በጄሪካን። ወንዙ እንደሁ የትም አልሄደም።"

"ሠራተኞቹስ?"

ጠየቅኳቸው። አራቱም ሴቶች ናቸው። አንዷ ሌሎቹን ሳታማክር፣ "እኛ ቁልቁለት የምንወርደው ሆዳችን ሳይገፋ ነው። ይሂድ" አለች። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። ወንድሜ ጫማውን አውልቆ ቋሚው ላይ ወጣ፤ ቡሎኖቹን የፈታው ራሱ ነው።

ለእትዬ ደውዬ እውነቱን እንዲጽፉ ነገርኳቸው፦ "አዲሱ ታንከር መንገድ ላይ ቀርቷል። የማምረቻው ታንከር ይመጣል።" መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት፣ እህል ሊጭን ባዶውን ወደ ሞጣ ከሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ጫንነው። ጉንደ ወይን ላይ ለፍተሻ ቆመን ፖሊሱ ታንከሩን በክርኑ ኳ ኳ አደረገና "ባዶ ነው?" አለኝ። "ለአሁኑ" አልኩት።

ሞጣ ስንደርስ ገበያ ነበር። የታንከሩን መምጣት ከበሩ ያነበቡ ሴቶች መኪናውን ተከትለው እስከ ጤና ጣቢያው መጡ። አውርደን ስናንከባልለው ከኋላ የሚገፋው ሰው ከእኔ ቁጥጥር ውጭ ሆነ፤ አንዷ "ቀስ፣ ቀስ፣ ሰው አትድፉ" እያለች ትመራለች። ነርሷ ከምጥ ክፍል ለአንድ አፍታ ብቅ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችን፤ ወዲያው ተመልሳ ገባች። ውኃ ሞልቶ የመጀመሪያው ቧንቧ ሲከፈት፣ ገንዳው ላይ ቀድማ የቆመችው ፊቷን የሸፈነችብን ወጣት አልነበረችም፤ እሷ ወልዳ አገሯ ገብታለች። አንዲት የማላውቃት ጎልማሳ ሴት ናት፤ ቀሚሷን ነከረችና፣ የሰጠኋትን ሳሙና ከምንም ሳትቆጥር ከኪሷ የራሷን አወጣች። የሌላ ፋብሪካ ሳሙና ነበር። ወንድሜ ጎኔን በክርኑ ወጋኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ዘመቻው በቃላችን መሠረት በዚያው አለቀ። ሞጣ ላይ ሽያጩ ግን አልወረደም። የገጠር ነጋዴዎች ስማችንን ትተው "የታንከሩን ሳሙና ስጡን" ይሉ ጀመር። ቢቸና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከሱቃችን ዘወትር የሚገዙ አንድ አረጋዊ መሪጌታ አንድ ቀን በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙና፣ "ቢቸና አቡክቶ ሞጣ ይጋግር?" አሉኝ። በቅኔ መምህር ወግ ቀለል አድርገው ነው የተናገሩት፤ ከኋላቸው የቆሙት ደንበኞች ግን አልሳቁም። የሰፈሩ ቅሬታ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"እውነትዎን ነው፣ የኔታ" አልኳቸው። "እዚህስ ምን ይሠራ? እርስዎ ይንገሩኝ።"

"እኔን ብቻ ጠይቀሽ?"

ስለዚህ የሚገዛውን ሁሉ ጠየቅን። ክርክሩ ሱቃችን ውስጥ ሳምንታት ፈጀ። መሪጌታ ለአብነት ተማሪዎች መታጠቢያ ይሁን አሉ። ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት ሙስሊም እናት፣ የሁሉም ልጅ የሚውልበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነውና ለእጅ መታጠቢያውና ለሴት ልጆቹ መጸዳጃ ውኃ ይግባ አሉ። ጭቅጭቁ ሲበዛ ወንድሜ ሊቆርጠው ፈለገ፤ እኔ ከለከልኩት። የምንመርጥላቸው እኛ ከሆንን ነገም ሥራው የእኛ ብቻ ነው። በመጨረሻ መሪጌታ ራሳቸው "ተማሪዎቼ ወንዝ አላቸው፤ ልጆቹ ግን የላቸውም። ትምህርት ቤቱ ይቅደም" አሉና ነገሩን ቋጩት።

አሁን ከዋናው መስመር እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ የቧንቧ ቦይ እየተቆፈረ ነው። ሳሙናው መጠቅለያ እየተመለሰለት ቧንቧውን ይገዛል፤ ጉልበቱን የሚሰጡት ወላጆች ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ እኔና ወንድሜ የድርሻችንን ቆፍረን፣ እጃችን ተልጦ፣ ጨርሰናል ብለን አካፋ ስንጥል መሪጌታ መጡ። ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፤ በትራቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ለኩት።

"ይሄ አልጠለቀም" አሉ። "ጋሪ ሲያልፍበት ቧንቧው ይሰበራል።"

ወንድሜ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን። አካፋችንን አነሣንና ከመጀመሪያው ጀምረን ደግመን ቆፈርነው።