የቀይዋ ካሜራ ክዳን

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ፣ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ነው። የአባታቸውን ስም አልጽፍም፤ ልጆቻቸው አሉ። በመጀመሪያው ቀን ጨለማ ክፍል አስገቡኝና አንድ የተበላሸ ፊልምና የማጠቢያ ጣሳ ሰጥተውኝ በሩን ከውጭ ዘጉት። ፊልሙን በዳሰሳ ከጥቅሉ አውጥቼ፣ ጎን ለጎን ሳይነካካ ጣሳው ውስጥ ባለው መጠምጠሚያ ላይ መጠምጠም ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ተጣጠፈብኝ፤ በአራተኛው ገባልኝ። በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ፊልሙን ሳይሆን ፊቴን ነው።

«አለቀስሽ?»

«አላለቀስኩም ጋሼ።»

«እንግዲያው ነገም ነዪ።»

በዚያ ቤት ሦስት ደረጃ ነበር። ታች የጨለማ ክፍል ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚቀበለውና ለፎቶ የሚያስቀምጠው ረዳት፣ ከላይ ፎቶ አንሺው፣ ማለትም ጋሽ ወልዴ ራሳቸው። እኔ ፊልም አጥባለሁ፣ አትማለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ጉርድ ፎቶ እየቆረጥኩ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ። የማጠቢያው መድኃኒት የጣቶቼን ጫፍ ቡናማ አድርጎት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ባንኮኒውን እየተመለከትኩ ተራዬን ጠበቅኩ።

በሦስተኛው ዓመት ሙሉነሽ መጣች። አባቷ ከሰሜን ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷ ያደገችው ወልቂጤ ነው። ፊልም ከየት ወደየት እንደሚጠመጠም አታውቅም። በሳምንቷ ባንኮኒው ላይ ቆመች።

ጋሽ ወልዴን ብቻቸውን ጠብቄ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ተራው የእኔ አልነበረም?»

«አንቺ እጅ አለሽ፣ እሷ አፍ አላት። ደንበኛ የሚፈልገው አፍ ነው።»

«አማርኛዬ ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። መልሱ ያ ነበር። የመስቃን ልጅ ነኝ፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ያን ጊዜ አፌ ላይ ጉራጌኛው ይሰማ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከመስቃን ገጠር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ተቀመጡ። ሙሉነሽ «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ፣ ትከሻዎን ለቀቅ» ስትላቸው አማርኛው አልገባቸውምና ከወንበሩ ተነሥተው ቆሙ። እንደገና አስቀመጠቻቸው። እንደገና ቆሙ። ከጨለማ ክፍል ወጥቼ በቋንቋችን ነገርኳቸው። «ይቺን የት ደብቃችኋት ነው?» ብለው ሳቁና ቀጥ ብለው ተቀምጠው ፎቶውን ተነሡ። ፎቶው ደንበኛ የሚያየው መስታወት ውስጥ ተሰቀለ። ጋሽ ወልዴ ለገባ ለወጣው ሁሉ «የሙሉነሽ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። እሷም አላረመቻቸውም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ሙሉነሽ ወልቂጤ የራሷን ፎቶ ቤት ከፈተች። እኔም በቀጣዩ ዓመት ከአስፋልቱ ማዶ ፊት ለፊቷ ከፈትኩ። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው ወይ ያሉኝ ነበሩ። አልጠፋም።

ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ሲመጣ ሁለታችንም ከፎቶው ጎን ትንንሽ ካሜራ መሸጥ ጀመርን። የስልክ ካሜራ ገና ደብዛዛ የነበረበት ጊዜ ነው። ገበያው የሚደምቀው መስከረም ላይ ነበር፤ አገሬው ሁሉ ከየከተማው ለመስቀል ወደ መንደሩ የሚገባበት ሰሞን።

ለመስቀል ካሜራ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ያቺ ካሜራ አንድ ሰው እጅ ላይ አትቀመጥም። ከልጅ ወደ አጎት፣ ከአጎት ወደ ምራት ትዞራለች። ዝናቡ ጨርሶ አልወጣም፤ ጭቃ አለ፤ ጎጆው ውስጥ ጭስ አለ፤ ሁሉም እጅ ክትፎ የነካ ነው። ስለዚህ ውኃ የማይገባት፣ ብትወድቅ የማትሰበር፣ በባልዲ ውስጥ በሳሙና የምትታጠብ መሆን አለባት። ሌንሷ ወደ ውጭ የሚወጣ ሳይሆን ከመስታወት ኋላ የተቀመጠ ይሁን፤ ቁልፎቿ ለወፍራም ጣት የሚበቁ ይሁኑ። ከሁሉም በላይ የባትሪው ክዳን ድርብ መቆለፊያ ይኑረው። ውኃ የሚገባው ሌላ ቦታ አይደለም፤ በዚያ ነው።

እኔ የምፈትሽበት መንገድ ነበረኝ። ክዳኑን ከፍቼ የሶፍት ቁራጭ እከታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ካሜራውን ባልዲ ውስጥ እነክራለሁ። የቤቱን ወለል ጠርጌ ስጨርስ አወጣዋለሁ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ እሸጠዋለሁ። ሙሉነሽ ባልዲ አልነበራትም።

ፍቅሬ የሚባል የአገና ሰው የቆየ ደንበኛዬ ነበር። አዲስ አበባ ይነግዳል፤ ሰርጉን ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት የመስቀል ሰሞን መጣና ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈ።

«እትዬ ወርቄ፣ ዘንድሮ ዘጠኛችንም የአባቴ ልጆች እንገባለን። ዓረብ አገር ያለችው እህቴ ሳትቀር መጥታለች። በመሄጃችን ቀን አባቴ አሰልፎ ሲመርቀን አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ። ዘጠኛችን አንድ ላይ የተነሣነው የለንም።»

«እኔ መጥቼ ላንሣችሁ።»

«ሽማግሌው ባዕድ ሰው ቆሞ አልመርቅም ይላል። ባለቤቴ ታነሣለች። ብቻ የማትሞት ካሜራ ምረጪልኝ። አምና የወሰድኳት በሁለተኛው ቀን ዓይኗ በቅቤ ታወረ።»

ግራጫዋን አወጣሁለት። ወፍራም ናት፣ ጥግ ጥጓ ጎማ ነው፣ ክዳኗ ድርብ መቆለፊያ አለው። ሶፍት ከትቼ ነክሬ አሳየሁት።

«እትዬ፣ ይቺማ የመኪና ባትሪ ትመስላለች!»

«መልክ ምን ያደርግልሃል፣ ልታገባት ነው?»

ሳቀ። ከዚያ ማንም ነጋዴ የሚያውቀውን ቃል ተናገረ። «እስቲ ዞር ብዬ ልምጣ።»

አስፋልቱን ሲሻገር በመስኮት አየሁት። ሙሉነሽ ወንበር አወጣችለት። ሳቃቸው እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ባልዲውን ደፋሁት።

በማግሥቱ ተመልሶ መጣ፤ በእጁ ቀይ ካሜራ ይዟል። ቀጭን ናት፣ ታምራለች፣ ክዳኗ ነጠላ መቆለፊያ ነው። «ሙሉነሽ ጋ ሚሞሪ አልቆ ነው፤ ካንቺ ልግዛ» አለኝ። የእሷን ካሜራ በእኔ ሚሞሪ ሊሞላ! ተቀብዬ ክዳኑን ከፈትኩ። ዙሪያውን ያለው ቀጭን ጎማ ያብረቀርቃል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

«ይህ ምንድነው?»

«ጎማው እንዳይደርቅ ብላ ለጋ ቅቤ ቀባችልኝ። አስባ ነው።»

እኛ አገር የሚደርቅ ነገር ሁሉ ቅቤ ይቀባል። ጠፍር ይቀባል፣ የልጅ አናት ይቀባል። ሙሉነሽም ወልቂጤ አድጋ ይህን ለምዳለች። ነገር ግን ቅቤ የነካው ጎማ ይላላል፤ ከቦታው ይንሸራተታል፤ የነካውን ብናኝ ሁሉ ይይዛል። ይህን የማውቀው ከዚያ በፊት የራሴን አንድ ካሜራ እንዲሁ ቀብቼ ገድዬ ስለነበር ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ልነግረው የሚገባኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ቅቤውን በሳሙና እጠበው የሚል። ሚሞሪውን ከተትኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ካሜራውን ሰጠሁት።

«እንዴት አየሻት?»

«ታምራለች። መልካም በዓል።»

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሙሉነሽ አስፋልቱን ተሻግራ መጣች። በዚያ ሁሉ ዓመት ቤቴ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ፍቅሬ ከኋላዋ ነበር።

«ወርቅነሽ፣ ጥፋት ሠርቼ መጣሁ» አለች። ቀይዋን ካሜራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ውኃ ገብቶባታል። ሚሞሪውን ግን አንቺ ታድኚዋለሽ ብዬ ይዤው መጣሁ። ሌላ ሰው ጋ መውሰድ አልፈለግኩም።»

ፍቅሬ የሆነውን ነገረኝ። በምርቃቱ ቀን ጠዋት የእንሰት ቅጠል በተዘረጋበት ቦታ ተቀምጦ ባትሪ ቀየረ። ሌንሷ ቅቤ ስለነካው ልጆቹ ባልዲ ውስጥ አጠቧት። እዚያው ጠፋች። አባትየው ጊዜ አይጠብቁም፤ ዝናብ እያካፋ አሰልፈው መረቋቸው። መንደሩ መብራት የለውም፤ የሁሉም ስልክ ባትሪ ከጨረሰ ቀናት አልፎታል። እህትየው በማግሥቱ ተሳፈረች።

ክዳኑን ከፈትኩ። ጎማው ወጥቷል፤ ቅቤው ላይ አንድ ክር የእንሰት ቃጫ ተጣብቋል። በወረንጦ አንሥቼ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ሚሞሪውን በአልኮል ጠርጌ፣ አድርቄ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ተከፈተ። ሙሉነሽ «ተመስገን» አለች። ደመራው አለ፣ የሰንጋው እርድ አለ፣ ከንፈራቸው በቅቤ የራሰ ልጆች አሉ። የመጨረሻው ፎቶ ባዶ ባልዲ ነው፤ ልጆቹ ሊያጥቧት ሲሉ ሳያውቁ የተጫኑት ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ፍቅሬ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አየው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሙሉነሽ ፊቴ ቆማለች፤ ባለሙያዋ ማን እንደሆነች እሷ እየሰማች ደንበኛው እንዲያውቅ ፈለግኩ። ቃጫውን በወረንጦ ጫፍ እያሳየሁ ተናገርኩ።

«ጎማ ቅቤ ሲነካው ይላላል። ላልቶ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ክር ይይዛል፤ ውኃው በክሩ ሥር ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው ካሜራ ባይሸጥ ይሻለዋል።»

ሙሉነሽ ቀላች። «ልክ ነሽ፤ አላወቅኩም» አለች።

ፍቅሬ ግን እሷን አላየም። «እትዬ፣ ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ድሮ ነዋ።»

«ያን ቀን ክዳኑን ከፍተሽ አይተሽ፣ ይህ ምንድነው ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር?»

ወረንጦውን አስቀመጥኩ።

«እሷ ሳታውቅ አጠፋች» አለ። «አንቺ እያወቅሽ መልካም በዓል አልሽኝ።» ሚሞሪውን አንሥቶ ወጣ።

ሙሉነሽ ቀረች። «ለእኔ እንኳ ባትነግሪኝ፣ እሱ ምን አስቀይሞሽ ነው የደበቅሽው?»

«ባንኮኒው የእኔ ነበር» አልኳት።

«የቱ ባንኮኒ?»

የምሯን ነው። አላስታወሰችውም። ሃያ ዓመት የተሸከምኩትን ነገር እሷ አንድ ቀን አንሥታው አታውቅም። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ፍቅሬ ወደ ቤቴ አልተመለሰም። የታናሽ ወንድሙን ሰርግ ያነሣችው ሙሉነሽ ናት። አልበሙን ሰው ቤት አየሁት፤ የሙሽራዋ አንገት ላይ የፍላሽ ጥላ ወድቆበታል፣ እኔ ብሆን አይወድቅም ነበር። ሰዎቹ ግን ወደውታል። የፍቅሬ አባት በቀጣዩ ዓመት ከመስቀል በፊት አረፉ።

አሁን ሱቄን ዘግቻለሁ። ለጉዞና ለበዓል ውኃ የማይገባት ካሜራ የምትሸጡ ልጆች አሁንም እየመጣችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ድርብ መቆለፊያ ያላትን ምረጡ። ከመሸጣችሁ በፊት በሶፍት ፈትሹ። ጎማውን ውኃና ንጹሕ ጨርቅ እንጂ ሌላ አታስነኩት። ደንበኛ ከሌላ ቤት የገዛውን ይዞ ቢመጣና ጉድለት ብታዩበት፣ የሸጠችውን ብትጠሉም ንገሩት።