የሕያው ሰው ሻንጣ

ሻንጣ ተሸክሞ ተራራ ለተራራ መዞር መዝናኛ መሆኑን ያወቅሁት መተማ ዮሐንስ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ከሱዳኗ ጋላባት ወደኛ በእግራቸው የሚሻገሩ ፈረንጆች ነበሩ። ጀርባቸው ላይ የራሳቸውን ቁመት የሚያክል ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ የተንጠለጠለ ኩባያ። ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ጥላ ፈልገው ይቆሙና ውሃ እየጠጡ ይሳሳቃሉ። ወዴት ናችሁ ሲባሉ ስሜን ተራራ ይላሉ። መኪና አጥተው ነው? አይደለም። እዚያ ዘመድ አላቸው? የላቸውም። ታዲያ ማን አባሯቸው ነው እያልን እንሥቅባቸው ነበር። እኔ ግን ብቻዬን ስሆን እቀናባቸው ነበር። ቤቱን በጀርባው ይዞ የሚዞር ሰው አዛዥ የለውም ብዬ አስብ ነበር።

ያ ቅናት ስንት ዓመት አድሮ ምን እንዳመጣ ነው የምጽፈው። እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም፤ ስጽፈው ይገባኝ እንደሁ ልሞክር።

ትምህርቱ አልሆነልኝም። ገንዳ ውሃ አቅራቢያ ባለ የሰሊጥ እርሻ የትራክተር ኦፕሬተር ሆንሁ። ሰሊጡ ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች እርሻውን ይሞሉታል፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ከነሱ አንዱ ከጃናሞራ የመጣ፣ በዕድሜ የኔው እኩያ፣ ማጭዱን ሲይዝ የሚያምርበት ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ወረደ፤ ሁለቱንም ዓመት ከሥራ በኋላ ትራክተሩ ጎማ ላይ ተደግፈን እናወጋለን። እኔ ስለ ተራራው እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ከሱዳን ወዲያ ስላለው አገር ይጠይቀኛል። ድንበር ላይ ስላደግሁ ዓለሙን ሁሉ የማውቅ ይመስለዋል።

«ተራራው ምን ይታያል?» ይለኝ ነበር። «ቁር ነው እንጂ።»

«እዚህስ ምን አለ? ሙቀትና ትንኝ ነው» እለዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሰሊጡም ማሽላውም ተሰብስቦ ሠራተኛው ሁሉ ወደ አገሩ ሲነሣ፣ እሱ አልሄድም አለ። ወደ ማዶ ሊሻገር ነው፤ ካርቱም፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩ ከፈቀደለት ከባሕሩ ወዲያ። ደላሎቹ ከለበስኸው ልብስ በቀር ምንም አትይዝም ብለውታል። ሻንጣውን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«መንገድ ካገኘህ ለእናቴ አድርስልኝ።»

«ምን ልበላቸው?»

«ደህና ነው በላት። አገር ሊያይ ሄደ በላት።»

ሻንጣውን ለአገሩ ሰዎች መስጠት እችል ነበር። በማግስቱ ከዚያው ወረዳ የመጡ አሥር ሰዎች አውቶቡስ ተሳፍረዋል፤ አንዱ ቢይዘው ነገሩ ሁሉ ባልተፈጠረ። እኔ ግን ሳይጠሩኝ አቤት የምል ሰው ነኝ። ምክንያት አገኘሁ፤ ተራራውን ላይ ነው። ከሰልባጅ ተራ የፈረንጅ ጀርባ ሻንጣ ገዛሁ፤ አንድ ማሰሪያው የተበጠሰ ነበርና በሽቦ አሰርሁት። ብርድ ልብስና ብስኩት አጨቅሁበት፤ የሱን ሻንጣ ከላይ ጫንሁበት። የእርሻው ሰዎች ፈረንጅ ሆነ እያሉ ከበቡኝ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተነሣሁ።

ጎንደር አደርሁ፣ ደባርቅ አደርሁ። ከደባርቅ ወደሱ አገር የሚሄድ አይሱዙ ነበረ፤ ረዳቱ ና ውጣ ሲለኝ በእግሬ ነው የምሄደው አልሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ተጓዝሁ። የቆላ ሰው ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ትንፋሼ ደረቴ ላይ ይቀራል፤ ጆሮዬ ይጮሃል፤ ተረከዜ በመጀመሪያው ቀን ተላጠ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። ደስታ ይሁን ብርድ፣ አሁንም መለየት አልችልም። ሰው የሚመኘው ይህን ነው? እያልሁ ራሴን ጠየቅሁ፤ እየጠየቅሁም ወጣሁ።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ሸንተረር ሥር ካለ ቤት የእግዜር እንግዳ ነኝ ብዬ ገባሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። የጓደኛዬ ቤት ከሸንተረሩ ማዶ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ መሆኑን ነገሩኝ። ያኔውኑ መሄድ እችል ነበር። ግን ፈረንጆቹ ጀምበር ስትወጣ ከተራራ ላይ ሆነው ማየት እንደሚወዱ ሰምቼ ስለነበር፣ ማልጄ ብነሣ ሸንተረሩ ላይ ትወጣልኛለች ብዬ አደርሁ። ሽማግሌው ሻንጣውን አዩት።

«የማን ነው?»

«የዚያ ቤት ልጅ ሻንጣ ነው፤ ልጁ ከኛ ጋር ቆላ ነበረ።»

«እሱስ?»

«እሱ አልመጣም፤ ማዶ ሄደ።»

«ሄደ» አሉ ዝግ ብለው። ሌላ አልጠየቁኝም። በቃ ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል ስነሣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከጎረቤት ሌላ አዛውንት ጨምረው ደጃፍ ቆመዋል። እንሸኝሃለን አሉኝ። አቤት ደግነት አልሁ በልቤ። ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ጀምበሯን ላያት ቆም አልሁ፤ ሁለቱም አጠገቤ ቆሙ። አንደኛው ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «በል ልጄ፣ መቼም የማይቀር ነው» አሉኝ። ቁልቁለቱን ማለታቸው መስሎኝ እሽ አልሁ።

መርዶ በማለዳ እንደሚነገር የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። ብቻቸውን ሳይሆን ሽማግሌ አስከትለው እንደሚሄዱም አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ለጎረቤታችን ሲነገር አይቻለሁ። ግን ሰው ራሱን መርዶ ነጋሪ አድርጎ አያስብም። እኔ በዓይነ ልቡናዬ የማየው ተራራ የወጣ አገር ጎብኚ ነበር።

እናቱ ደጃቸውን ሲጠርጉ ደረስን። ቀና ሲሉ ሦስት ሰው አጥራቸው በር ላይ ቆሟል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተዋል፣ መካከል ያለው የልጃቸውን ሻንጣ ተሸክሟል። ፊቴን እንኳ አላዩትም። ሻንጣውን ብቻ አዩና መጥረጊያውን እንደያዙ ተቀመጡ።

«ደህና ነው!» አልሁ። «እናቴ፣ ልጅዎ ደህና ነው፤ አገር ሊያይ ነው የሄደው።»

መርዶ ነጋሪ ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ደህና ነው ብሎ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ከተናገርሁ በኋላ ነው። እናቱ ጮኹ። ጎረቤቱ ከየቤቱ ወጣ። እኔ አልሞተም እያልሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ፣ ሰዎቹ ያዙኝ። አይዞህ፣ ጓደኛ ማጣት ከባድ ነው አሉኝ። አንዱ ሻንጣዬን ከጀርባዬ አወረደልኝ፣ አንዷ ውሃ አጠጣችኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። ስልኬን አውጥቼ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጥሁና ሲለየኝ የሰጠኝን የሱዳን ቁጥር ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ዝግ መሆኑን ለነሱም ተናገርሁ፤ ለምን እንደተናገርሁ አላውቅም። ለቅሶው ባሰ። በመጨረሻ እኔም አለቀስሁ፤ በሕይወት ስላለ ሰው፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል ቁጭ ብዬ ከልቤ አለቀስሁ።

ሻንጣው ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ሸሚዝ፣ ነጠላ ጫማ፣ ለእናቱ የገዛው ሻሽ፣ ከሻሹ ውስጥ የአንገቱ ማዕተብ። እኔ አላየሁትም ነበር። በበረሃው መንገድ ምልክት ያለው ሰው ይለያል ብለው ደላሎቹ እንደሚያስወልቁ የሰማሁት ኋላ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ማዕተብ በቁም ከአንገት እንደማይወልቅ ሁሉም ያውቃል።  ከዚያ በፊት የተጠራጠረ ካለ፣ ከዚያ በኋላ የተጠራጠረ አልነበረም፤ ከኔ በቀር። የኔም ልብ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ይህን አልደብቅም።

በሦስተኛው ቀን ልሄድ ስል እናቱ ከቤቱ ጓሮ ጠሩኝ። ድምፃቸው ከልቅሶ የተነሣ ተዘግቷል።

«አሁን ሰው የለም። ወይ ሞቷል በለኝ፣ ወይ ሃይማኖቱን ለውጧል በለኝ። አንዱን ንገረኝና ልወቀው።»

«እግዚአብሔርን፣ በሕይወት አለ እናቴ።»

«በዓይንህ አየኸው?»

«ሲሄድ አይቼዋለሁ።»

«ሲሄድማ እኔም አይቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙ። «ደግ ሰው ነህ ልጄ። መርዶ መናገር ግን አትችልበትም።»

ስመለስ በአይሱዙ ነው የተመለስሁት። ተራራው በየት በኩል እንደነበር እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወሬው ጠፋ። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹን እበሳጭባቸው ነበር፤ ኋላ በራሴ ተናደድሁ። ከበረሃ የሚመጣውን ወሬ እየሰማሁ፣ ቀስ በቀስ እነሱ ያወቁትን እኔ ዘግይቼ የማውቅ ሆኖ ተሰማኝ። በሕይወት አለ ብዬ የማልሁትን እያሰብሁ ትራክተሩ ላይ እያለሁ መሥመር እስታለሁ። እናቱ አልፎ አልፎ ከሰው ስልክ ይደውሉልኝ ነበር። ምን ሰማህ? ምንም። እሽ ልጄ። ኋላ ራሳቸው ስልክ ያዙ፤ ጥያቄውን ግን ተዉት፤ ስለ ዝናቡ ብቻ ይጠይቁኛል። አለመጠየቃቸው ከመጠየቃቸው ይበልጥ ከበደኝ።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ ትራክተሩ ጭቃ ይዞት ሥሩ ተኝቼ ሳለሁ፣ የማላውቀው ረጅም ቁጥር ደወለ።

«አለህ?» አለ። እሱ ነው። ያለበትን አገር ስም ነገረኝ፤ በወሬ እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ከተማ ነው። መንገድ ይጠርጋል። «ታማም ነኝ፣ ሙሽኪላ የለም» አለኝ፤ ደህና ነኝ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው በዐረብኛ። ታስሬ ነበር፣ ኋላ እነግርሃለሁ አለ። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ እየሣቅሁ እየተሳደብሁ፣ እናቱ እንዳለቀሱለት ነገርሁት። 

«ሻንጣውን ነው እንዴ በአካል ያደረስኸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሳልገኝ? ብቻውን?»

 ያገሩን ወግ እኔ ቆላ ተወልጄ ብረሳው፣ እሱ ማወቅ ነበረበት። ግን ይህን ለመነጋገር ጊዜው አልነበረም። የእናቱን ቁጥር ሰጠሁት፤ እሑድ እደውላለሁ አለ። ያን ሳምንት ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። የኔ መሐላ እውነት ሆነ፣ እናቱ ልጃቸውን አገኙ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ሰኞ ጧት እናቱ ደወሉ። እልልታ ጠብቄ ነበር። ድምፃቸው ግን እንደወትሮው ነው።

«ልጄ፣ ትላንት አንተ ነህ ወይ የደወልህልኝ?»

«እኔ አይደለሁም እናቴ። እሱ ነው፤ ልጅዎ ነው።»

«የሱ ድምፅ አይደለም። ወፍራም ነው። ዐረብኛ ይቀላቅላል። ወዲያው ወዲያውም ዝም ይላል፤ የኔ ልጅ ዝም አያውቅም።»

«በስመ አብ፣ እሱ ነው። አገሩ ነው የለወጠው።»

«አውቃለሁ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ማልሁ። በማን እንዳልማልሁ። እያዳመጡ እሽ፣ እሽ ይሉኛል፤ ለሚዋሽ ልጅ እንደሚባለው። ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እማዬ ብለኸኛል። እንዲያ የሚለኝ ጠፍቶ ነበር። አንተም ብትሆን ግድ የለኝም፤ እሑድ እሑድ ደውልልኝ።»

ለሱ ነገርሁት። እናቴ ካላመነችኝ ማን ነኝ ብዬ ልደውል አለ። ትንሽ ጠብቅና ሞክር፣ ድምፅህን ይለምዱታል አልሁት፤ እሽ አለ፤ አልደወለም። አሁን የሱም ቁጥር አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚነሣው። እናቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ይቀመጣሉ ብላ አንዲት የጎረቤታቸው ልጅ ነገረችኝ። እኔም ሁለት እሑድ ቁጥራቸውን አውጥቼ፣ ጉሮሮዬን አወፍሬ እማዬ ማለትን ተለማምጄ፣ ሳልደውል ቀርቻለሁ።