«ቁጭ በይ» ያለችኝ የኢንሹራንሷ ልጅ

«መርፉድ!»

ዛሬ እዚህ ጂዳ ሳፋ ክሊኒክ ለጉልበቴ ኤምአርአይ ሲጠየቅ ኢንሹራንሱ የመለሰው ይህንን ነው፤ አልከፍልም ማለቱ ነው። አሠሪዬ ማዳም ውጭ መኪና ውስጥ ትጠብቀኛለች፤ ሌላ ቀን አትለቀኝም።

ልወጣ ስነሳ የኢንሹራንስ ክፍሏ ሐያት፣ እዚሁ ያደገች የወሎ ልጅ፣ «ያላ አክስቴ፣ ቁጭ በይ!» አለችኝ።

ለካ የምርመራው ኮድ ገና ትናንት ተቀይሮ ሐኪሙ ጥያቄውን በድሮው ልኮት ኖሯል። ሄዳ አስረዳችው፤ አመስግኗት በአዲሱ ላከ። ወዲያው ተፈቀደ፣ አልሐምዱሊላህ!

ደንብ በተቀየረ ቁጥር አንብባ ለሐኪሞቹ የምትነግራቸው እሷ ናት አሉ። እኔ የስልኬን አፕዴት እንኳ ስንት ወር ገፍቼዋለሁ!

«አይሰለችሽም?» አልኳት።

«እናቴን ከእንዲህ ዓይነት መስኮት መልሰዋት ያውቃሉ» አለችኝ።

እናንተንስ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ልትወጡ ስትሉ «ቁጭ በሉ» ያላችሁ ማነው?